መጋዙ የተዋቸው ዛፎች

ከአርሲና ከባሌ ተራሮች የወረደው እንጨት ከተማ ሠርቷል፣ መንገድ አስከፍቷል፣ ቋንቋችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ተራራው ላይስ ምን ቀረ?

ሽማግሌው አናጢ ሳንቃውን ሁለት በርሜል ላይ አጋደሙት። ከፈረሰ አሮጌ ቤት ወለል የተነቀለ ነው። ላዩ በሰምና በጥላሸት ጠቁሯል፤ ሚስማር የነበረባቸው ቀዳዳዎች ዳርና ዳሩን ተሰልፈዋል። መላጊያቸውን አንስተው አንዴ ሳቡ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። በሦስተኛው ጥቁሩ ተገፎ ቀይ ገላ ብቅ አለ፤ ግቢውም አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሸተተ።

«ጥድ ነው» አሉ ፍቅፋቂውን በጣታቸው እያሹ። «ምስጥ አይደፍረውም። ይኼን ያህል ዘመን ተረግጦ፣ ይኸው ገና እንጨት ነው።»

ከጎናቸው የተደረደረው ሌላ ነው፤ እርጥበቱ ያልወጣለት ባሕር ዛፍ፣ ከውጭ የገባ ኤምዲኤፍ፣ ጥቂት የፈረንጅ ጥድ። የአገሩን ጥድና ዝግባ አሁን የሚያገኙት አሮጌ ቤት ሲፈርስ ብቻ ነው። ወጣት ሳሉ ግን በጭነት መኪና ይመጣላቸው ነበር፤ ከሻሸመኔ፣ ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከጅማ። «እኛ ጣውላውን እንጂ ዛፉን አይተን አናውቅም» አሉ።

ብዙዎቻችን እንደሳቸው ነን። ደናችን ማለቁን እናውቃለን። ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ አርባ በመቶ በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ለዚህ አኃዝ አስተማማኝ ምንጭ አጥተውለታል። ሰሜኑ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የሞፈርና የበሬ አገር ነውና። ጥፋተኛውንም እናውቃለን ብለን እናስባለን፤ የገበሬው መጥረቢያና የፍየሉ አፍ። በደቡብ ምሥራቁ ተራራ ላይ ግን ከገበሬው ቀድሞ የገባ ሌላ እጅ ነበር። እሱም ሞተር ነበረው።

«ሳንቃ» እና «ጣውላ»

ስለ እንጨት የምንናገርበት ቋንቋ ራሱ ዘመን ይለያል። ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ጠርብ፣ ፍልጥ፣ ሳንቃ፦ እነዚህ የመጥረቢያ ዘመን ቃላት ናቸው። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሰጋቱራ፦ እነዚህ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ የመጋዝ ዘመን ቃላት ናቸው። ሰጋቱራን በቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ዓይናቸው በጭስ እየነደደ እንጀራ የጋገሩ እናቶች ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ቢባሉ የሚያምኑ አይመስለኝም። የእኛ ሆኗል። ግን ያለ መሰንጠቂያ ሰጋቱራ የለም፤ ቃሉም ከነገሩ ጋር አብሮ ገባ።

በመጥረቢያ ዘመን ሳንቃ ውድ ነገር ነበር። ግንዱ በሽብልቅ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ግማሽ ከውጭም ከውስጥም እየተጠረበ ይሳሳል። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሁለት ሳንቃ ቢወጣ ነው፤ የተቀረው ፍልጥና ፍቅፋቂ ይሆናል። አባካኝ ነው ሊባል ይችላል። ድካሙ ግን ራሱ ልጓም ነበር። በዚህ መንገድ ተራራ አይራቆትም፤ ሳንቃ የሚያሻው የቤተ ክርስቲያን በርና የመኳንንት እልፍኝ እንጂ የሁሉም ቤት አልነበረም። ላስታ ዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ መቅደስ ያየ ሰው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበትን ግድግዳ አይረሳም። በደብረ ዳሞም ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉት፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የሠረገላ ጫፎች ይታያሉ። ያ ሁሉ እንጨት ተመርጦ፣ ተጠርቦ፣ በሰው ትከሻ የተጓዘ ነው።

ከተማ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ እንጨት ነበር። የዛሬው የአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የቀድሞ ስሙ ቢርቢርሳ ነው፤ በኦሮምኛ ዝግባ ማለት። ብዙም ሳይቆይ ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አጸናት። ባሕር ዛፍ ግን ማገዶና አጣና ሰጠ እንጂ ለበር፣ ለወለልና ለቁም ሣጥን የሚሆነውን አልሰጠም። ለዚያ የሚሆነው ዛፍ ሩቅ ነበር፤ ተራራው ላይ።

> ድካሙ ራሱ ልጓም ነበር። ሞተሩ ያንን ልጓም ፈታው።

ሁለት ሰው፣ አንድ መጋዝ

ከመጥረቢያ ወደ ሞተር በአንድ ጊዜ አልተዘለለም። በመካከል የሁለት ሰው መጋዝ አለ። ግንዱ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ወይም ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይጋደማል። በከሰል ዱቄት የተነከረ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጠርና አንዴ ተስቦ ሲለቀቅ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ያትማል። አንዱ ሰው ላይ ቆሞ መጋዙን በመስመሩ ይመራል፤ ሌላው ከታች ሆኖ ይስባል።

በወጣትነታቸው በዚህ ሥራ የኖሩ አዛውንት ሲያስረዱኝ እጃቸው መጋዙን የያዘ ይመስል ነበር። «የላዩ ዓይን ያስፈልገዋል፤ የታቹ ትዕግሥት። ሰጋቱራው የሚወርደው በታቹ ፊት ላይ ነው። ቀና ብሎ ማየት የለም፤ የጓደኛህን ትንፋሽ እየሰማህ ትስባለህ።» ጠዋት የተጀመረ ግንድ ሲመሽ ጥቂት ጣውላ ሆኖ ያድራል። ጣውላው በአህያ ወይም በትከሻ ይወርዳል።

ሞተር ያለው መሰንጠቂያ በስፋት የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ወራሪው ለጦር ሰፈር፣ ለድልድይና ለመኖሪያ ቤት እንጨት በአስቸኳይ ይፈልግ ነበር፤ ለጦሩ የጠረገው መንገድም የጭነት መኪናን ደን አጠገብ አደረሰው። ወራሪው ሲወጣ ማሽኑ ቀረ። ከባለሙያዎቹም የቀሩ ነበሩ፤ የአገሬው ሰውም ማሽን መትከልና ጥርስ መሞረድ ተማረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት የደቡቡ ደጋ ደኖች ባለርስት፣ ባለ ፈቃድና ባለ ማሽን የሚዋዋሉባቸው ሆኑ። እታች ደግሞ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤትና ቪላ ትገነባ ነበር፤ ጣራው ሥር ኮርኒስ፣ እግር ሥር የእንጨት ወለል።

ከሐይቁ በላይ

ከአርሲ ነጌሌ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣ ሰው በጥቂት ጉዞ ብዙ አገር ያያል። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ግራር ነው፤ ሙቀትና አቧራ። ከፍ ሲሉ የስንዴና የበቆሎ ማሳ ይመጣል፤ ከዚያ አየሩ ይቀዘቅዝና የሙኔሳ ደን ይጀምራል። ዝግባና ቀረሮ ከታች፣ ጥቁር እንጨት በመካከል፣ እየወጡ ሲሄዱ ጥድና ኮሶ። በአንድ ገላጣ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ የዞረ ሰው የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ከእግሩ በታች ተዘርግተው ያያቸዋል። የደኑ ክፍሎች በሥፍራዎቹ ስም ይጠራሉ፦ ደጋጋ፣ ጋምቦ፣ ሶሌ።

እዚህ ያደጉ አንድ የቀድሞ የመሰንጠቂያ ሠራተኛ አብረውኝ ይሄዱ ነበር። በልጅነታቸው የማሽኑ ድምፅ ከዚህ ተዳፋት ማዶ ይሰማ እንደነበር ነገሩኝ። ሥራው የሚጀምረው ግን በጩኸት ሳይሆን በጸጥታ ነው፤ በመራጩ። መራጭ ማለት ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ደን ውስጥ እየዞረ ዛፍ የሚለይ ሰው ነው። የፋሱን ጀርባ አዙሮ ግንዱን ይመታል፤ ጆሮውንም ይሰጣል። ድምፁ ድፍን ከሆነ ዛፉ ጤነኛ ነው። ከበሮ ከመሰለ ውስጡ ባዶ ነው፤ ይታለፋል። ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ቅርንጫፉ ከፍ ብሎ መጀመሩን ያያል። የተጠማዘዘ፣ ከመካከሉ የተሰነጠቀ፣ ሁለት አናት ያወጣ አይፈለግም። የተመረጠው ቅርፊቱ ላጥ ተደርጎ ምልክት ይደረግበታል።

ከዚያ ቆራጮች ይመጣሉ። የሚወድቅበትን አቅጣጫ በመጥረቢያ ከፍተው ከጀርባው በመጋዝ ይገባሉ። «ሲወድቅ መሬቱ ነው የሚመታው፤ ደረትህ ውስጥ ትሰማዋለህ» አሉ። ግንዱ ተጎማምዶ በበሬ፣ በኋላም በትራክተር እየተጎተተ ወደ መሰንጠቂያው ይሄዳል። ሲጎተት ከሥሩ ያለውን ችግኝ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። መሰንጠቂያው ላይ መጀመሪያ አራት ጎኑ ይገረዛል፤ ቅርፊት ያለበት የዳር ልጣጭ ለአጥር ይሄዳል፤ ከዚያ ማሽኑ ሆዱን ወደ ጣውላ ይከፍለዋል። ከግንዱ ገሚስ ያህሉ ጣውላ ከሆነ ጥሩ ሥራ ነው። የቀረው ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ነው።

ዝግባ ለማሽኑ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ገላው ፈዛዛ ቢጫ፣ ለመላጊያ የሚመች። ምስጥና እርጥበት ስለሚጎዱት ለቤት ውስጥ ሥራ ነው። ጥድ ደግሞ ለአጥር፣ ለቋሚና ለምሰሶ፤ መሬት ውስጥ ቆሞ ዘመን ይሻገራል። የኮሶ ቀይ ገላ ለዕቃ ሥራ ይፈለጋል። ቀረሮ ከሁሉ ረጅሙ ነውና ለረጅም ጣውላ።

> ዛሬ ደን ውስጥ የምናየው ግዙፍ ዛፍ ብዙ ጊዜ መራጩ መትቶ ያለፈው ነው።

የመራጩን ሥራ ካወቅሁ በኋላ ደኑን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ከመንገዱ አጠገብ አንድ ዝግባ አለ፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢያቅፈው የሚደርስ አይመስለኝም። እንግዳ ሰው ያየውና በድንቅ ተጠብቆ የቆየ ይለዋል። ሸኚዬ ግን ግንዱን ዞረው ወደ አንገቱ የሚደርስ ስንጥቅ አሳዩኝ፤ ከላይ ደግሞ ወደ ግራ ተጠማዝዟል። «ይኼን ማን ይፈልገዋል?» አሉ። ከዙሪያው የነበሩት ቀጥ ያሉት ሄደዋል። ጉቷቸው እንኳ ሣር ለብሶ ጉብታ ሆኗል።

አንድ የደን ተመራማሪ ጉዳቱን የገለጹልኝ በጋብቻ ነው። ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ወንዱ ዛፍ ለብቻው፣ ሴቷም ለብቻዋ የሚቆሙ ናቸው። ኮሶን መድኃኒት ያደረጉ አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ የሚለቅሙት የሴቷን አበባ ነውና። እንግዲህ መጋዙ ከአንድ ተዳፋት ላይ ምርጦቹን ሲያነሣ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቀረችው ሴት ዛፍ አጠገቧ ወንድ ሊጠፋ ይችላል፤ የቀረው ወንድም ዘር አይሰጥም። ደን ቆሞ ሳለ መካን ሊሆን ይችላል።

መንገዱን ተከትሎ

መሰንጠቂያው ብቻውን ግን ተራራ አላራቆተም። እዚህ ላይ ያነጋገርኋቸው ሁሉ፣ የደን ባለሙያም ገበሬም፣ ይስማማሉ። ማሽኑ የሚፈልገው ጥቂቱን ምርጥ ዛፍ ነበር። ለዚያ ምርጥ ዛፍ የተጠረገው መንገድ ግን መኪናው ከሄደም በኋላ አልተዘጋም። ከሰል አክሳይ ገባበት፤ እርሻ ፈላጊ ገባበት፤ ከብት ገባበት። የሳሳ ደን ለመመንጠር ይቀልላል።

የመሬቱ ሥሪትም ገፋፍቶታል። በንጉሡ ዘመን ያልታረሰ መሬት እንደ ጠፍ የሚታይ ስለነበር መሬት የእኔ ነው ለማለት አስተማማኙ መንገድ መንጥሮ ማረስ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የመንግሥትን፣ የግልንና ጥበቃ የሚያሻውን ደን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች ወጡ፤ ወረቀቱ ግን ተራራው ላይ እስኪደርስ ትራክተር ቀድሞት ነበር። በእነዚያው ዓመታት አርሲ ውስጥ የሜካናይዝድ እርሻ ተስፋፍቶ ብዙ ጭሰኛ ተፈናቅሏል። የተፈናቀለ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይ፣ ወደ ደኑ ጠርዝ።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ትልልቅ ደኖችና መሰንጠቂያዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። ያኔ ደኑ ጠባቂ አገኘ፤ ባለቤት ግን አጣ። አንድ የአካባቢው አዛውንት እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦ «በፊት የጌታው ነው ተባልን፤ ኋላ የመንግሥት ነው ተባልን። የእኛ ነው ያለን ሰው አልነበረም።» በ1970ዎቹ ገበሬው በመንደር ሲሰባሰብ ለአዲሱ ጎጆ ቋሚና ማገር የወጣው ከዚሁ ደን ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ጠባቂ ሲጠፋ ደግሞ በብዙ ሥፍራ ሰዉ መጥረቢያውን ይዞ የመንግሥት ደን ውስጥ ገባ። ንዴትም ነበረበት፣ ችግርም፤ ሌላው ሳይወስድብኝ ማለትም ነበረበት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ አራት ዛፎችን ለይቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ፦ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ። ግቢያቸው ውስጥ በሦስተኛው የመላጊያ ስበት ጥድ ያገኙት አናጢ ከፈረሰ ቤት እንጨት የሚገዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ክልከላው መቁረጥን ጨርሶ አላቆመም። በሌሊት የሚሠራ መጋዝ አለ፤ የሁለት ሰው መጋዝ፣ የድሮው፤ ሞተር ስለሚሰማ።

የነጌሌ ጭስ

አርሲ ነጌሌ የአረቄ ከተማ ናት። ስሟ ከአረቄዋ ጋር አገር ምድሩን ዞሯል። አረቄ ደግሞ የሚወጣው በእሳት ነው፤ ጥንስሱ ሲፈላ፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ፣ ጠብ ጠብ ሲል። እሳቱ እንዳይጠፋ ቀኑን ሙሉ እንጨት መቀለብ ያስፈልጋል። ያ እንጨት በአህያና በሴቶች ጀርባ ከሙኔሳ ይወርዳል።

ጠዋት ሽቅብ ስንወጣ ቁልቁል የሚወርዱትን አገኘናቸው። አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ አረፍ አለች። የደረቀ እንጨት ብቻ እንደምትለቅም ነገረችኝ፤ ሸክሙ ውስጥ እርጥብም ነበረበት። አልጠየቅኋትም። ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታስገባው በዚህ ነው፤ አረቄ የምታወጣዋም ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። ከተማ የሚጠጣውም ሰው አለ። ስለ ደን ጥፋት ስናወራ ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጀርባዋ የጎበጠውን ሴት ብቻ ነጥሎ መወንጀል ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

በፈረንጅ ጥድ ጥላ ሥር

ከተፈጥሮ ደኑ ጎን ለጎን በረድፍ የቆመ ሌላ ደን አለ፦ የፈረንጅ ጥድ፣ ፓቱላ፣ ባሕር ዛፍ። የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ ከሜክሲኮ ምድር የመጡ ናቸው። ዛሬ በዚህ አካባቢ ያሉ መሰንጠቂያዎች ሕጋዊ ቀለባቸው ይህ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ሲሆን፣ ተክሎ፣ አሳድጎ፣ ቆርጦና ሸጦ መልሶ ይተክላል። በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ያፈራቸው ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ የጀርባ አጥንት ናቸው።

ሰዉ ግን በዚህ ደን ላይ ይከራከራል። የአካባቢው አረጋውያን ሥሩ ሣር የለም፣ ንብ አይቀስምበትም ይላሉ። የደን ባለሙያዎች ደግሞ እያንዳንዱ የፈረንጅ ጥድ ጣውላ አንድ ዝግባን ከመጋዝ ያድናል ይላሉ። ሁለቱንም ሰምቼ ከረድፉ ውስጥ ገባሁ። በእርግጥ ከመርፌማው ቅጠል ምንጣፍ በቀር መጀመሪያ የሚታይ ነገር የለም። ወደ ተፈጥሮ ደኑ ዳር በተጠጋው በኩል ጎንበስ ያለ ሰው ግን ሌላ ያያል፤ ጉልበት ያልደረሰ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና። ወፎች ያመጡት ዘር በባዕዱ ዛፍ ጥላ ሥር በቅሏል። ተመራማሪዎችም ይህንኑ በዚህ አካባቢ ደጋግመው መዝግበዋል፤ እናት ዛፍ በቅርብ ካለ የተተከለ ደን ለአገሬው ችግኝ ሞግዚት ይሆናል። እናት ዛፍ ካለ።

ወደ ባሌ በኩል፣ ከአዳባ እስከ ዶዶላ ባለው ተራራ ላይ፣ ነገሩ በሌላ መንገድ ተሞክሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ድጋፍ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ዋጂብ ይባላሉ። ለእያንዳንዱ አባወራ የሚጠብቀው የደን ድርሻ ተሰላ። ማኅበሩ ደኑ ውስጥ የመኖርና የመጠቀም መብት በውል ያገኛል፤ በምላሹ የዛፉ ሽፋን እንዳይቀንስ ይጠብቃል፤ በየጊዜውም አብሮ ይቆጠራል። ችግር የለበትም ማለት አይደለም፤ ልጆች ያድጋሉ፣ መሬት ይጠባል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከደኑ ጋር የሚኖረው ሰው «አይቆረጥም» የማለት ሥልጣን አገኘ። ሙኔሳ ላይ እኒያ አዛውንት የእኛ ነው ያለን አልነበረም ያሉትን ሳስብ የዶዶላ ውል የሚመልሰው ይህንኑ ቅሬታ ይመስለኛል።

ከተሰነጠቀው ዛፍ ሥር

ስንመለስ በዚያ በተሰነጠቀው፣ ወደ ግራ በተጠማዘዘው ዝግባ በኩል አለፍን። ሥሩ አንዲት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ተንበርክካ ፍሬ ትለቅማለች። ዛፉ ሴት ነው። ቢጫ ሥጋው የተላጠለት ፍሬ እንደ ጠጠር ድርቅ ያለ ነው፤ ጣቢያው ውስጥ ተዘርቶ እስኪበቅል ወራት ይፈጃል። የምትለቅመው ከዚህ የሆነው ሌላ ስለሌለ ነው። መራጩ የናቀው ዛፍ ለአካባቢው ሁሉ ዘር ሰጪ ሆኗል።

ሸኚዬ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። «ከጠማማ ጠማማ አይወለድም?» ብለው ጠየቋት።

ኋላ ተመራማሪውን ጠይቄያቸው ነበር። ዛፍ የሚጎብጠው አንዳንዴ በዘሩ፣ አንዳንዴ በደረሰበት ነው አሉኝ፤ ገና ለጋ ሳለ አናቱን ከብት ከቀጠፈው፣ ሌላ ዛፍ ወድቆ ከተጫነው፣ ቀጥ ሊል የነበረውም ይጠማዘዛል። የዚህኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ልጆቹ ሲያድጉ ነው። ያንን የሚያየው ከእኛ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሠራተኛዋ ግን ያን ዕለት የሰጠችው መልስ አጭር ነበር። «አባቴ፣ ይብቀል እንጂ» አለች። ከረጢቱን አንስታ ወደ ዛፉ ማዶ ዞረች፤ እዚያም ወድቆ ነበር።